ለጨጓራ ተብሎ የተተወ ጭቅጭቅ

ሁለቱ እህትማማቾች መጋረጃ ሰፊዎች ናቸው። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰፉ አፋቸውም ከስፌት መኪኖቻቸው እኩል ይሠራል። ታላቂቱ ትለካለች፣ ታናሺቱ ልኩን ትጠራጠራለች፤ ታናሺቱ ትቆርጣለች፣ ታላቂቱ የመቀስ አያያዟን ትነቅፋለች። ጨርቅ ሊያስሰፋ የመጣ ደንበኛ ጭቅጭቃቸውን ሊሰማ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

የታናሺቱ ጨጓራ መቁሰሉ ሐኪም ቤት በካሜራ የታየ ዕለት ዘመድ ሁሉ ባንድ አፍ ፈረደ፦ ንዴት ነው። አክስታቸው ታላቂቱን ለብቻዋ ጠርተው፣ «እህትሽን በነገር አቆሰልሻት» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ታላቂቱ ምላሷን ሰበሰበች። መጋረጃ ተንጋዶ ሲቆረጥ እያየች «ጥሩ ነው» ትላለች። ታናሺቱ ሆን ብላ ጠርዙን አጣማ ብታሳያት፣ መልሷ «እጅሽ ይባረክ» ብቻ ሆነ። ሕመሙ ግን አልቀነሰም። በመጨረሻ ታላቂቱ የስፌት መኪናዋን ወደ ቤቷ ልትወስድ ቆረጠች።

«ለየብቻ እንሥራ። አንቺ ዳኚልኝ እንጂ ሱቁ ይቅር።»

ታናሺቱ እንባዋ ጨርቁ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን አዞረች።

የስፌት መኪናው ከሱቁ ሳይነሳ፣ ሐኪሙ ለታናሺቱ አዞት የነበረው የሰገራ ምርመራ ውጤት ደረሰ፤ አብረው ወደ ሐኪሙ ሄዱ።

«ጨጓራን በብዛት የሚያቆስሉት ሁለት ነገሮች ናቸው» አለ ሐኪሙ። «አንዱ ባክቴሪያ ነው፤ አንቺ ላይ አልተገኘም። ሌላው የሕመም ማስታገሻ ነው። ባለፈው ስጠይቅሽ መድኃኒት አልወስድም ብለሽ ነበር። ለወገብ፣ ለትከሻም ቢሆን የምትውጪው ነገር የለም?»

«የትከሻዬማ አለ። እሱም መድኃኒት ነው እንዴ? እትዬ ናት የምትገዛልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆዴ።»

ታላቂቱ ቦርሳዋን እቅፍ አደረገች። «ጭቅጭቅስ ዶክተር?» አለች ቀስ ብላ።

«ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል፤ ይህን ቁስል ያመጣው ግን ክኒኑ ሳይሆን አይቀርም። እሱን እናቆማለን፣ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት እንጀምራለን። ለትከሻዋም ሌላ እንፈልጋለን።»

መንገድ ላይ ታናሺቱን ሳቅ አመለጣት። «እትዬ፣ በምላስሽ ተጠርጥረሽ በደግነትሽ ተያዝሽ።»

«ሳቂ አንቺ። ክኒን መድኃኒት ካልሆነ ምንድን ነው፣ ከረሜላ?»

ታናሺቱ ክንዷን ይዛ ሄደች። ካቆሙበት እንደቀጠሉ ገባት።

ቁስሉ በደንብ በዳነ ሰሞን አንድ አዲስ ደንበኛ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ከውስጥ የእህትማማቾቹ ድምፅ ይሰማል።

«ይሄን ጠርዝ በእግርሽ ነው የሰፋሽው?»

«አንቺ በግምት የለካሽውን በምን ላቅናው?»

ሰውየው ልመለስ አልመለስ እያለ አመነታ። ታላቂቱ ከጨርቁ ላይ ቀና አለች።

«ግባ ወንድሜ፣ ደህና ነን።»