አሥራ ሦስት ፔሊካን

በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ባሕር ዳርቻ ባለው ጨዋማ ረግረግ፣ የወፍ ቆጠራ ሕጉ አጭር ነው፤ አንዱ በቴሌስኮፕ አይቶ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። ጸሐፊው ቀና ብሎ ወፍ ማየት አይፈቀድለትም። ካየ ይከራከራል፤ ሲከራከሩ ደግሞ ወፎቹ ይሄዳሉ። ሕጉን ያወጣው ክላይቭ ነው። ኖሊን ሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊው ሆና ስትኖር ሕጉን ያከበረችው ሃያ አራቱን ብቻ ነበር።

ያለፉትን ሁለት ዓመታት ከጀርባው ቆማ በራሷ የሩቅ ማያ መነጽር ትቆጥርና የራሷን ቁጥር ትጽፋለች። የክላይቭ ዓይን ደክሟል። ይህን ሐኪሙ ነግሮታል፤ እሱም ሐኪሙ ገና ልጅ ነው ብሏል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጢሙን የሚላጨው በወር አንዴ፣ የቆጠራው እሑድ ጠዋት ነው። ኖሊን ያቺን እሑድ እንዲያጣት አልፈለገችም፤ እናም ዋሸችው።

የዛሬው እሑድ ግን መዘዝ ይዞ መጣ። የረግረጉ ጥብቅ ሥፍራ አዲሷ ኃላፊ ታምሲን “ማን እንደሚቆጥርልኝ ልወቅ” ብላ አብራቸው ወጣች። ቆጣሪዎቹን እየዞረች እየፈተነች ነው። ባለፈው ወር ሁለት ሽማግሌዎችን አመስግና አሰናብታለች። አንደኛው አሁን ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ያያል ይባላል።

ሦስቱ በጣውላው መንገድ ተከታትለው ሄዱ። ጭቃው ይሸታል፣ ትንኙ ይበላል። ውሃው ዳር ሲደርሱ ክላይቭ ቴሌስኮፑን ተከለና ጉሮሮውን ጠረገ።

“ፔሊካን፣ አሥራ ሦስት።”

ኖሊን አየች። ትልልቆቹ ነጫጭ ወፎች፣ ፔሊካኖቹ፣ ሰባት ናቸው። የቀሩት ስድስቱ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው እንዲንሳፈፍ ያሰሩበት ነጫጭ ኳሶች ናቸው።

“አሥራ ሦስት” አለች ጮክ ብላ፤ ሰባት ብላ ጻፈች።

“እርግጠኛ ነዎት?” አለችው ታምሲን።

“ልጄ፣ እኔ ፔሊካን ስቆጥር አንቺ አልተወለድሽም። ስድስቱ እንዲያውም ፈዘዋል። ሳያማቸው አይቀርም።”

አበቃለት፣ አለች ኖሊን በልቧ።

ታምሲን የቆጠራውን ቅጽ ተቀብላ አየች፤ በራሷ መነጽርም ቆጠረች። ከዚያ ወደ ኖሊን ጠጋ ብላ፣ “ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሠሩት?” አለች በሹክሹክታ።

“ሁለት ዓመት ሆነው።”

“ከሁሉም ቡድን ትክክለኛው ቁጥር የሚመጣው ከእናንተ ነው። ቅጹ ደግሞ ማን እንዳየ አይጠይቅም። ቀጥሉ።”

የክላይቭ የደከመው ዓይኑ እንጂ ጆሮው አልነበረም።

“የፈዘዙት ስድስቱ ምንድን ናቸው?” አለ።

“የዓሣ መረብ ማንሳፈፊያ ኳሶች” አለች ኖሊን።

“ሁለት ዓመት ሙሉ?”

“አንዳንዴ ትክክል ትሆናለህ።”

“ቀና ብለሽ አይተሻል ማለት ነው። ሕጉን ጥሰሻል።”

“ጥሻለሁ። ምን ይሁን ነው የምትለው?”

ክላይቭ ቴሌስኮፑን አጣጥፎ ተሸከመ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ኖሊን ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። ክላይቭ ከቆጠራው አልተባረረም። ታምሲን ተሰናብታቸው ልትሄድ ስትል የቆመውን አሮጌ መኪና አየች።

“በምን መጣችሁ?”

“ክላይቭ ነድቶ” አለች ኖሊን።

ያለችውን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ስትሄድ፣ ስለ ፔሊካን እንጂ ስለ መንገዱ አንድም ቀን አልተጨነቀችም።

“ማን እንደነዳ ቅጹ ይጠይቃል?” አለ ክላይቭ።

“ቅጹ አይጠይቅም። እኔ ግን እጠይቃለሁ” አለች ታምሲን።

ክላይቭ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ቤቱ ከከተማው አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አውቶቡስ አይደርስበትም። ቁልፉን ጥቂት ይዞት ከቆመ በኋላ ለኖሊን ሰጣትና በሌላው በር ዞሮ ገባ።

ኖሊን ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች።

“ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ ገበያ እወስድሃለሁ” አለችው።

“ገበያ አልወድም።”

“አውቃለሁ።”

ክላይቭ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እዚያ የሚታየው ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኖሊንም ለቅሶው እስኪወጣለት ድረስ ሞተሩን ሳታስነሳ ጠበቀችው።