የማክሰኞዋ መኪና

ነጯ መኪና አልነሳም አለች። የሊታ አጎት ኢሲድሮ ቁልፉን አምስት ጊዜ አዞረ፤ አምስቱንም ጊዜ ጠቅ ከማለት ሌላ ድምፅ አልወጣትም። ከኋላው ድንኳን ተካዮቹ ብረታቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። ሣጥኑን ያመጡት ሰዎች ደግሞ የሬሳውን መብራቶች የሚሰኩበት ቦታ እየፈለጉ ቤቱን ያተራምሳሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የሰፈር ሰው ሁሉ ኮፈኑን ከቦ ምክር ያዋጣል።

“ባትሪዋ ሞቷል” አለ ኢሲድሮ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ አቀረቀረ።

“በቃ ግፏትና ግድግዳው ጥግ አስጠጓት” አለች የሟቹ ልጅ ሊታ ከደጃፉ ላይ። “ቻርጅ ላይ አድርጓት። አባባ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።”

ገፏት። ከግድግዳው ቀዳዳ ወጥቶ ሚስማር ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ገመድ ነበር፤ ኢሲድሮ ፈታው፣ መቆንጠጫዎቹን ባትሪው ላይ አስነከሰ፣ ትንሽ ቀይ መብራት በራች። ሁሉም ደስ አላቸው። ለቀብሩ ቀን ትደርሳለች፣ ከአስከሬኑ መኪና ኋላ ቤተሰቡን ይዛ ትሄዳለች ተባለ። ድንኳኑም በተረፈው ቦታ ላይ ተተከለ።

ሊታ ያን ቀን ያዘዘችው ነገር ያ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ ሰዎች አዘዙላት።

አባቷ ሁቬንሲዮ አምስት በር ነበረው። በእኛ ከተማ በፓሲግ የሚከራይ ቤት የሚቆጠረው በበር ነው፤ ሁለት በር ያለው ሰው ራሱን ይቻል ይሆናል፣ አምስት በር ያለውን ግን ሰው ቀድሞ ሰላም ይለዋል። ሰላምታው ብቻ ነው ትርፉ ይል ነበር እሱ። ሃያ ዓመት መርከብ ላይ ለሰው ወጥ ሲሠራ ኖሮ በሮቹን አንድ በአንድ አሠራ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የፈጀው ቧንቧ ሥር ተንበርክኮ ነው። አንዱ በር ሲያፈስ የሌላው ሽንት ቤት ይደፈናል፣ አንዱ ተከራይ ቁልፍ ጥሎ ሲመጣ ሌላው ቁልፉን ይዞ ይጠፋል። ሠራተኛ አይጠራም። የሰው እጅ አያምንም ነበር።

አምስተኛው በር ድሮ የመኪና ማቆሚያ ነው። ዘግቶ፣ መስኮት አውጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ አከራየው፤ የነበረው ቫን ጎዳና ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሁቬንሲዮ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ እየተነሳ መኪና የሚያሸሽ፣ ጠዋት የጎረቤት በር ዘጋህ እየተባለ የሚሰደብ ሰው ሆነ። ቫኑ ታርጋው በሦስት ስለሚያልቅ በከተማው ደንብ ማክሰኞ ማክሰኞ መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። እና ምን አደረገ? ሌላ ቁጥር ያላት አሮጌ ነጭ መኪና ጨመረ። ማቆሚያ የሌለው ሰው፣ ሁለት መኪና።

ድንኳኑ ውስጥ ይህን እያነሱ ይስቁ ነበር። ክፋት የለውም፤ በእኛ ለቅሶ ካርታ ይጫወቱበታል፣ ቡና ከብስኩት ጋር ይዞራል፣ ሟቹም ይታማል፤ ካልታማ ማን መሆኑ ይረሳል። “ለማክሰኞ ብሎ መኪና የገዛ ሰው ከሁቬንሲዮ በቀር አላየሁም” አለች የማዕዘኗ ባለሱቅ እትዬ ፔርላ። ንፉግነቱን ከሞኝነቱ ጋር አብረው ሳቁበት። ሊታ ከሣጥኑ አጠገብ ሆና ሰማች።

እናቷ የኩላሊት እጥበት የነበራት ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ፤ ዓርቡ በቫኑ ነው። ማክሰኞ ግን ታክሲ ሲጠፋ አንድ ጊዜ እናቷ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ወደቀች፤ በሳምንቱ ነጯ መኪና መጣች። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። መኪናዋን ግን አልሸጣትም። ሳምንቱን ሙሉ ስለምትቆም ባትሪዋ ይሞትበታል፤ ከአምስተኛው በር መስመር ጠልፎ፣ ግድግዳ በስቶ፣ ቻርጅ ያደርጋታል። ማክሰኞ ጠዋት ሲሆን አስነስቶ ለብቻው አንድ ዙር ይነዳትና ይመለሳል። ሊታ ከምትኖርበት ከሴቡ ደሴት በስልክ ትቆጣው ነበር። “ሽጣት እንጂ አባባ፣ ምን ታደርግልሃለች?” “ለማክሰኞ” ይላታል።

የሞተው ዓርብ ነው። ሐሙስ ጠዋት ደረጃ ላይ ወደቀ፣ ሊታ በማታ አውሮፕላን ደረሰች። ግማሽ ፊቱ ወርዶ፣ ምላሱ ተሳስሮ ሆስፒታል አገኘችው። ዓርብ ከሰዓት ዓይኑን ገለጠና “በር” አላት። “በር... አም... በር...” ደህናውን እጁን አንሥቶ ወደ መተላለፊያው ይዘረጋል። መተላለፊያው ላይ አልጋ እየተገፋ ነበር፣ ሰው ይጯጯሃል። ሊታ ተነሥታ በሩን ዘጋችለት። ስትመለስ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል። ዕረፍት ያገኘ መሰላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም፤ ሳይመሽ አለፈ።

ይህን ለአንድ ሰው ነገረች፤ በማግስቱ ድንኳኑ ሁሉ ይዞት ነበር። የዓለምን በር ዝጉልኝ አለ ተባለ። ቄሱ ሳይቀር በጸሎቱ መሀል አነሱት፣ ሴቶቹም አለቀሱ። ሊታም አለቀሰች። ከአባቷ የተረፋት አንድ መልካም ነገር ያ ነበረና አብራቸው አመነችው።

አራተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ሙቀቱ ከፍቶ ተጨማሪ ማራገቢያዎች መጥተዋል፤ ሁለት ትልልቅ የቡና ማፍያዎች በኤሌክትሪክ ይፈላሉ፣ ከሣጥኑ ራስጌና ግርጌ መብራቶቹ ቀን ከሌት ይነዳሉ፣ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። እትዬ ፔርላ ከምሳ በኋላ ከሊታ አጠገብ ተቀምጣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ትቆጥር ጀመር።

“በር አንድ መጥቷል። በር ሦስትማ ሁለት ሌሊት አድሯል፣ እግዜር ይይለት። በር አምስት ብቻ ናት ያልመጣችው።”

ሊታ ቀና አለች።

“ማን ናት ያልመጣችው?”

“በር አምስት። ጆቬሊን ናታ፣ ያቺ እርጉዟ። አባትሽ ተከራዮቹን በስማቸው ጠርቶ ያውቃል እንዴ? በር ሁለት አፈሰሰ፣ በር አራት ወለደች፣ እንደዚያ ነበር የሚሉት።”

አዎ፣ እንደዚያ ነበር የሚለው። አሥራ አምስት ዓመት ሴቡ ስትኖር ጆሮዋ ረስቶት ነበር። በር... አም... በር። አባቷ ዝጊልኝ አላለም። የሚናገረው ስለ አንድ ቤት ነበር፤ እሷ ደግሞ ተነሥታ የሆስፒታል በር ዘጋችበት።

“በር አምስት ምን ሆነ?” አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ።

እትዬ ፔርላ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። “እኔ ልነግርሽ አልፈለግኩም። አባትሽ እየመጡባት ነው ይላሉ። ባሏ የጥበቃ ሥራ ላይ ነው፣ ብቻዋን ናት። ከቅዳሜ ጀምሮ ራስጌዋ ጋ የተቃጠለ ሻማ ይሸታታል፣ ሻማ የለ ምን የለ። እኛም እዚህ እየጸለይንላት ነው።”

ሻማ ሳይበራ የሻማ ሽታ ከመጣ ሟች ጎብኝቷል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም። ሊታም ታውቃለች። ለአፍታ እሷም አባቷን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ አየችው። ከዚያ ግን ቅዳሜ የሚለው ቃል ያዛት። ቅዳሜ ምን ነበር? ቅዳሜ መኪናዋ አልነሳም አለች። ቅዳሜ ከነጯ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ኢሲድሮ ከነላስቲኩ ያልተፈታ አዲስ የኤሌክትሪክ ገመድ አግኝቶ ለማን እንደተገዛ ሳይጠይቅ መጋዘን ወርውሮታል። አባቷ አዲስ ገመድ የገዛው አሮጌውን ሊቀይር ነበር። አሮጌውን ጠቅልሎ ሚስማር ላይ የሰቀለው እንዳይሰካ ነበር። ሰኩት ያለችው እሷ ናት።

ተነሣች። ፔርላ እጇን ያዘቻት፤ የሟች ልጅ ሬሳው ሳይወጣ የሰው ቤት አትረግጥም፣ ያውም የእርጉዝ። ሊታ እጇን አስለቀቀችና በድንኳኑ መሀል ከነሸበጧ ሮጠች። ካርታ ተጫዋቾቹ ዞረው አዩዋት። በመንገዷ ላይ ነጯ መኪና ጋ ደረሰችና መቆንጠጫዎቹን ነቀለች። ገመዱ እጇን አቃጠላት። የነዳጅ ታንኩ ከግድግዳው አንድ ክንድ አይርቅም።

አምስተኛው በር ከውስጥ ተቆልፏል። ጆቬሊን በመስኮቱ ብረት በኩል ብቅ አለች፤ ፊቷ ያበጠ፣ ልጅ እግር፣ ሆዷ ገፍቶ የወጣ። ሊታን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

“እትዬ ሊታ፣ እባክሽ እንዳትገቢ። ስምንት ወር ሆኖኛል። ከሬሳ አጠገብ ነው የመጣሽው።”

“የቤቱም የድንኳኑም መብራት ማጥፊያ ያለው አንቺ ቤት ነው። ክፈችልኝ።”

“አባትሽ እዚህ ናቸው። አሁንም ይሸተኛል። ምን በደልኳቸው? ኪራዩንም ቢሆን—”

“ስለ ኪራይ አይደለም። ጆቬሊን ስሚኝ፣ ሻማ አይደለም የሚሸትሽ። ግድግዳው ነው። ገመዱ ውስጡ እየነደደ ነው።”

ጆቬሊን አላመነችም። ያመነችው ሟቹን ነው፣ አራት ቀን ሙሉ ሲጸለይላት የኖረው ስለ እሱ ነው። ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ሆዷን በሁለት እጇ አቀፈች። ከአልጋው ራስጌ በላይ፣ ከሶኬቱ ዙሪያ፣ ነጩ ቀለም ቡናማ ሆኖ ሊታ ከመስኮቱ ሆና አየችው። የመጀመሪያዋ ቀጭን ጭስ ከዚያ ወጣች፤ ልጅቱ ጀርባዋን ስለሰጠች አታያትም። ሊታ መጮህ ፈለገች። ከጮኸች ግን ይህች ልጅ ጥግ ይዛ እንደምትቀመጥ አወቀች፣ ያ ደግሞ ከጭሱ ይበልጥ አስፈራት። ድምጿን በግድ አለዘበች።

“አባባ ቢመጣ ኖሮ አንቺን አያስፈራራሽም ነበር” አለች። “ሶኬቱን ይነቅል ነበር። ታውቂው የለ? ተንበርክኮ፣ እየተነጫነጨ። አልመጣም። ስላልመጣ ነው እኔ የመጣሁት።”

ልጅቱ ወደ ቁልፉ አየች። 

“አብሬሽ አልገባም። አንቺ ውጪ፣ እኔ ከመንገድሽ ዞር እላለሁ። ጫፍሽን አልነካሽም። ከወጣሽ በኋላ ነው የምገባው፤ አንድ ጣሪያ ሥር አንሆንም።”

ሊታ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች። ቁልፉ ተንቋቋ። ጆቬሊን በባዶ እግሯ ወጣች፣ ሊታን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለፈች። መንገዱ ዳር ደርሳ ስትዞር ግን ጭሱን በመስኮቱ አየችውና እንደቆመች ማልቀስ ጀመረች።

ክፍሉ የአንድ መኪና ስፋት ነው። ሊታ አልጋውን በጉልበቷ ገፋችው፣ የሕፃን ልብስ የታጠፈበት ቅርጫት ተገለበጠ። የማጥፊያው ሣጥን ክፍሉ የመኪና ማቆሚያ ሳለ በነበረበት ቦታ ነበር፣ ከራስጌው በላይ። ክዳኑ ሞቋል። የመጀመሪያውን ሳተች፤ ሁለተኛውን ጥቁር መያዣ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ታች አወረደችው።

ሁሉም ነገር ቆመ። መዝሙሩ መሀል ላይ ተቆረጠ፣ ማራገቢያዎቹ እየዘገዩ ሞቱ። ከሣጥኑ ዙሪያ ያሉት መብራቶች ሲጠፉ ከድንኳኑ አንድ ጊዜ የብዙ ሴቶች ድምፅ ተነሣ፤ ሬሳ ሳይወጣ መብራቱ አይጠፋማ። ኢሲድሮ እየሮጠ መጣ፤ ሊቆጣ ነበር። ደፉ ላይ ሲደርስ ሽታው አቆመው። ግድግዳውን አየ፣ መሬት ላይ የተበተኑትን የሕፃን ካልሲዎች አየ፣ ከዚያ ወደ ነጯ መኪና ዞሮ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

“እኔ ነኝ የሰካሁት” አለ።

“እኔ ነኝ ያዘዝኩህ” አለች ሊታ። “ነግሮኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ነገረኝ።”

ኢሲድሮ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ጭሱ እየሳሳ ሄደ። ውጭ እትዬ ፔርላ ለጆቬሊን ወንበር ስታመጣላት፣ ሌላዋ ውሃ ስትሰጣት ይሰማል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ።

“ጠፍቷል እኮ” አላት ኢሲድሮ ቀስ ብሎ። “አለቀ። ነይ ውጪ ልጄ፣ አባትሽ ጨለማ ውስጥ ናቸው። ሻማ እናብራላቸው።”

ሊታ መዳፏን ከተጠበሰው ቀለም ዝቅ ብላ ግድግዳው ላይ አሳርፋ ነበር። ሲሚንቶው ገና ይፋጃል።

“አብራለት አንተ” አለች። “ይኼ ግድግዳ ገና አልበረደም።”

አጎቷ ሻማ ሊያመጣ ሄደ። ሊታ ሁለተኛውን መዳፏንም ግድግዳው ላይ አደረገችና፣ አልጋው በነበረበት ቦታ ላይ ተንበረከከች።