በማይክ የተነበበው ዝርዝር

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ «ማይኬ» ነው የሚላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአስተዳደሩ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የፈረቃ ለውጡን፣ የጠፋውን ቁልፍ፣ የሞተውንና የተወለደውን በድምፅ ማጉያ ስትናገር ኖራለች። ድምጿ አይቸኩልም፤ አይንቀጠቀጥም። የመፍተያ ክፍል ሴቶች «መርዶም ቢሆን ከማይኬ አፍ ሲወጣ ይለሰልሳል» ይሉ ነበር።

ሥራ ያስገባት ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ስድስት ዓመቷ፣ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር። ፀጉሯን መጎንጎን ስለማይችልበት በአጭሩ እየቆረጠ፣ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ በሥራ ቱታው እየሄደ አሳደጋት። ዛሬም የምትኖረው በእሱ ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ራቷንም የምትበላው ከእሱና ከሚስቱ ጋር ነው። እሱ የሽመና ክፍል መካኒክ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ አዳራሽ ውስጥ ሠርቷል።

መንግሥት የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ማሻሻያ ዕቅዱን ይፋ ካደረገ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ጥራዝ ለየቢሮው ታድሏል። ሥራ አስኪያጁ የእሱን ኮፒ የኮምፒውተሩ ስክሪን ከፍ እንዲልለት ከሥሩ አስገብቶታል። ፋብሪካው ውስጥ ዕቅዱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው ማይኬ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ በምሳ ሰዓት ለሠራተኛው በማይክ እንድታነብ ታዝዛ ነበርና። «ምዕራፍ ሁለት፣ ምርታማነት። ምዕራፍ ሦስት፣ ማኅበራዊ ዋስትና።» ሠራተኛው የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ይበላል፣ ያወራል። ደረጃው ላይ ሲያገኟት «ማይኬ፣ ድራማው የት ደረሰ?» ይሏታል። «ገና መግቢያው ላይ ነው» ትላቸዋለች። ይስቃሉ።

«የልማት ድርጅቶችን መልሶ ማደራጀት» የሚለውንም ክፍል አንብባለች። ስታነበው የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፖስታ ይዛ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ያ በር ተዘግቶ አያውቅም።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነበባል» አለች። «ማሽኖቹ እንዲቆሙ ታዟል። የሚሰናበቱት ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት። መለያ ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም የለውም። ስም ሲጠራ ሰው ይረበሻል ተብሎ ነው።» መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። «እኔ ለየሰዉ ደብዳቤ ይሰጠው ብዬ ነበር፤ ከላይ አልተቀበሉኝም። ማይኬ ታንብበው፣ ድምጿን ለምደውታል አሉ።»

ማይኬ ማንኛውንም ጽሑፍ አንድ ጊዜ በልቧ ሳታነብ ማይክ አትከፍትም። ወረቀቶቹን አገላበጠች። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ ስድስተኛው መስመር፣ 1187 ይላል። የማን እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ ማየት አላስፈለጋትም። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የወንድሟን ቱታ ስታጥብ፣ ደረቱ ላይ የተሰፋውን ያንን ቁጥር በሳሙና ስታሽ ነው ያደገችው።

«ይሄ ወንድሜ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ወርጄ ልንገረውና ልመለስ። አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«ለአንዱ ከተነገረ ለሁሉም ተነገረ ማለት ነው። ግልብጥ ብለው ቢወጡ ማን ሊጠየቅ ነው?» ኃላፊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ እምቢ ካልሽ የጥበቃ ኃላፊው ነው የሚያነበው። እሱን ታውቂዋለሽ፤ እንደምን አደራችሁ ሲል እንኳ ሌባ የሚያባርር ነው የሚመስለው።»

ማይኬ ሰዓቱን አየች። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። አሁን ማልቀስ ነበረብኝ ብላ አሰበች። አልመጣላትም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣች፤ የውሃውም ጣዕም አልታወቃትም።

ማሽኖቹ ሲቆሙ ዘወትር ሲንቀጠቀጥ የሚውለው የመስኮቱ መስታወት ቀጥ አለ። ማይኩን ከፈተችና ከላይ የተጻፈላትን አነበበች፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ጀመረች። በየአምስት ቁጥሩ ትንሽ ታርፋለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ «አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት» አለች። ከሌሎቹ ረዘም አላደረገችውም፤ አጠር አላደረገችውም። ወደሚቀጥለው ሄደች።

ስትጨርስ ማይኩን ዘግታ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የሌላ ሰው እጆች መሰሏት።

ታች ግቢው በሰው ሞላ። የጮኸ አልነበረም። ሰዉ እርስ በርሱ ይጠያየቃል፣ ባጁን አውጥቶ ያያል። አንዲት የማቅለሚያ ክፍል ሴትዮ ደረጃውን ወጥታ መጣች።

«የእኔ አለበት እንዴ? ጆሮዬን ማሽኑ ደፍኖታል፣ በደንብ አልሰማሁትም» አለችና ባጇን ዘረጋች።

ማይኬ ዝርዝሩን በጣቷ ተከትላ ወረደች። «አለበት።»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሴትዮዋ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቀስ ብላ ወረደች።

ማታ ወንድሟ ቤት ራት ቀርቦ ነበር። ሚስቱ ዓይኗ ቀልቷል። እሱ እንደወትሮው እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለችው።

«መጀመሪያ ብዪ።»

«አስቀድሜ አይቼው ነበር። ልነግርህ ስል ከለከሉኝ።»

አላምጦ እስኪውጥ ቆየ። «ጥርት አርገሽ ነው ያነበብሽው» አለ። «ከጎኔ የነበረው ሰው የራሱን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እኔ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።»

እየወቀሳት ይሁን እያጽናናት አልገባትም። ፊቱን አየችው፤ የሚነበብ ነገር የለውም። ሚስቱ ለሳህኑ የምትናገር ይመስል፣ «እኔ ብሆን ምላሴ ይተሳሰር ነበር» አለች።

«ልክ ነሽ» አለች ማይኬ።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ውስጥ የቀሩት ሰዎች አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ አድርገው ያልፏት ጀመር። ቅጽል ስሟን የሚጠራው ቀረ።

ዕቅዱ «መልሶ ማሠልጠን» የሚል ምዕራፍ ስለነበረው ወንድሟ የአራት ወር ሥልጠና ገባ። አሠልጣኙ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። የመጀመሪያው ቀን «ከአምስት ዓመት በኋላ ራሳችሁን የት ታያላችሁ?» ብሎ አጻፋቸው። አንድ ጡረታው የተቃረበ ፈታይ «መነጽር ከተገዛልኝ፣ መስታወት ውስጥ» ብሎ ጻፈ። ወንድሟ ይህን ሲያወራ ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ማይኬም አስቂኝ መሆኑን ተረድታለች፤ ሳቋ ግን ደረቷ ላይ ቀረ።

በሦስተኛው ወር ከዕቅዱ ማስተባበሪያ ቢሮ ተደወለላት። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰው ያን ዕለት የተቀዳውን ሰምቶት ኖሯል። «ያን ሁሉ ሰው ስታሰናብቺ ድምፅሽ ፍንክች አላለም» አላት ደስ ብሎት። «ለሬዲዮ ማስታወቂያችን የምንፈልገው እንዲህ ያለ ድምፅ ነው።»

ለወንድሟ ነገረችው። «ሂጂ» አለ። «የተገኘ ሥራ ነው።»

የቀረጻው ክፍል ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ የራስን እርምጃ እንኳ ይውጣል። ቀራጩ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነበር። ወረቀቱን ሰጣት፦ «ማሻሻያው የሁላችንም ነው። ነገን አብረን እንገንባ።» አነበበች።

«ጎበዝ። አሁን ትንሽ ፈገግ እያልሽ» አላት።

ፈገግ ብላ አነበበች።

«ከንፈርሽ ፈገግ ብሏል፤ ድምፅሽ ግን ፈገግ አላለም። ልጅሽ ፈተና አልፎ ለጎረቤት የምትነግሪ አስመስዪው እስቲ።»

ልጅ የላትም፤ ቢሆንም ሞከረች። አሥራ አራት ጊዜ ደገሙት። በመጨረሻ ቀራጩ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ እሷ ክፍል ገባ።

«ይቅርታ አድርጊልኝና፣ በቅርብ ሰው ሞቶብሻል?»

«የለም» አለች። «ሁሉም ደህና ናቸው።»

በማግስቱ ለሌላ ሴት ሰጡት። ማስታወቂያው ታክሲ ውስጥ ሲነገር ሰማችው፤ ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፣ ደስ የሚል አነባበብ አላት።

ፋብሪካው ለአዲስ ባለቤት ተላለፈ። የፈረቃ ለውጥ በስልክ መልእክት መላክ ስለጀመረ ማይኩ ተነቀለ፤ ማይኬም መጋዘን ገብታ በካርቶኖች ላይ የጨርቅ ዓይነትና መጠን መጻፍ ያዘች። ወንድሟ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ስድስት ቦታ አመለከተ። የተቀበለው የጥበቃ ኤጀንሲ ነው። የተመደበበት በር የራሱ ፋብሪካ በር ሆነ።

«ሌላ ቦታ ጠይቅ» ብላው ነበር ሚስቱ።

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አላት።

አዲሱ ደንብ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ ቦርሳው ይፈተሽ ይላል። ሰኞ ማታ ማይኬ ሰልፉ ውስጥ ቆመች። ወንድሟ ሰፋ ያለ ግራጫ ዩኒፎርም ለብሷል፤ እጅጌው ጣቶቹን ሊውጥ ምንም አልቀረውም። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ይመለከታል። ተራዋ ደረሰ።

«ክፈችው» አላት።

ከፈተችው። ሻርፗን፣ የመነጽሯን ቤት፣ ቁልፎቿን አንድ በአንድ አወጣ። ተቆጣጣሪው እያየ ስለነበር የምሳ ዕቃዋንም ክዳን አነሳ። ሩዙ እንዳለ ነው፤ ማንኪያ አልነካውም።

«አልበላሽም» አላት ቀስ ብሎ።

«አልራበኝም።»

«ምሳ ካልበላሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

ልትመልስለት ፈለገች፤ ግን አላስታወሰችም። እሱ ክዳኑን አጥብቆ ገጠመው፣ ዕቃዎቹን እንደነበሩ አስተካክሎ መለሰና ቦርሳውን በሁለት እጁ አቀበላት።

«እለፊ።»

አለፈች። የእሱ ፈረቃ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ይቀረዋል። ወደ ታክሲው አልሄደችም። ከአጥሩ ሥር፣ እሱ ሊያያት በሚችልበት በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና የምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሩዙ ቀዝቅዟል፣ ጨውም በዝቶበታል። እስከ መጨረሻው በላችው።