ለኮረብታው ዝግጅት

እኛ ሊፍት ጠጋኞች ነን። ከተማዋን ቁልቁል ለማየት ኮረብታውን በእግር እንውጣ ያሉት አለቃችን ናቸው፤ ሐኪም በቦርጫቸው ከተቆጣቸው ወዲህ። ወሩን ሙሉ ስንመክር ከረምን። አዲስ ጫማ ገዛን፣ ማን ይቀድማል ብለን ተወራረድን። ነብሮ የምንለው ባልደረባችንማ "ይቺ ለእኔ ቁርሴ ናት" እያለ አሰለቸን።

የመጨረሻው ስብሰባ አለቃችን ቤት፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ስንደርስ የሕንጻው ሊፍት ቆሟል። ሞተሩ ያለው ጣሪያው ላይ ስለሆነ፣ ለመጠገን በደረጃ መውጣት ግድ ነው። ተያየን። ነብሮ ጉልበቱን ያሽ ጀመር፤ እኔም ወገቤ ትዝ አለኝ።

አለቃችን ከላይ ደወሉ። "ምን ትጠብቃላችሁ? ወጥታችሁ ጠግኑት እንጂ።"

"ጋሼ፣ ለጣሪያው እርስዎ ይቀርባሉ" አልኳቸው። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ።

ቢቸግረን ለተፎካካሪያችን ድርጅት ደውለን ጠጋኝ አስመጣን። ሴትዮዋ መሣሪያዋን አንጠልጥላ በደረጃው ወጣች፤ ጠግናም በሊፍቱ ወረደች።

"ከተማዋ ከጣሪያው ላይ ስታምር" አለችን፣ አዲሱን ጫማችንን እያየች። "እናንተስ ወጥታችሁ አታዩም?"

"እየተዘጋጀን ነው" አላት ነብሮ።