የአዳ ጽጌረዳ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎብኚ ጭነን ከለንደን በወጣን ቁጥር ማይክ ይዤ የምለው አንድ ነገር አለ። «ወገኖቼ፣ ግንቡን እዩ፣ አበባውን አሽትቱ፤ መቀስ ግን ከቦርሳ እንዳይወጣ!» አውቶብሱ በሳቅ ያውካካል። ከሁሉም በላይ የሚስቁት አሮጊቶቹ ናቸው፤ ሁሉም መቀስ ይዘዋላ! እኛ እንግሊዞች ባንክ አንዘርፍም፤ የሰው አትክልት ቦታ ገብተን ግን አንዲት ቅርንጫፍ ቀንጥበን ቤታችን ካልተከልን እንቅልፍ አይወስደንም። እኔ ደግሞ ይሄን ነገር ስጠላው ለጉድ ነው። ግዌንዳ ደረቅ ናት፣ ሕግ ታበዛለች ይሉኛል። ይበሉኛ።

የዚያን የጥቅምት ቅዳሜ ጉዟችን ጠዋት ዋርንፎልድ ግንብ፣ ከሰዓት ኦክስፎርድ ነበር። ረጅሟን ቀይ ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ ከፍ አድርጌ ይዤ ከፊት እሄዳለሁ፤ ሰዎቼ እሷን እያዩ ይከተሉኛል። ሃያ ዘጠኝ ናቸው፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች።

ከመካከላቸው አንዷ ወይዘሮ ኢኒድ ትራንተር ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ ከእኔ ጋር ይመጣሉ፣ ግንቡ ውስጥ ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ቀጥ ብለው ወደ አንዲት ጽጌረዳ ይሄዱና አጠገቧ ቆመው ሳንድዊቻቸውን በልተው ይመለሳሉ። ምክንያቱን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ጽጌረዳዋ ዙሪያ ገመድ ተወጥሮ ማስታወቂያ ተሰቅሎ አገኘን። ሰኞ ቦታው ተቆፍሮ ካፌ ሊሠራበት ነው። ወይዘሮ ኢኒድ ሁለቴ አነበቡት። ሳንድዊቻቸውንም አላወጡ።

«ግዌንዳ ልጄ፣ ይቺን አዳቅሎ ያወጣት አባቴ ነው» አሉኝ። «እዚህ አትክልተኛ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ለፋባት። በእናቴ ስም አዳ ብሎ ጠራት።»

ከግንዷ ሥር ያለውን የነሐስ ጽሑፍ አየሁ። «እመቤት ዋርንፎልድ» ይላል።

«የግንቡ እመቤት አየቻት፣ ወደደቻት፣ የራሷን ስም ለጠፈችባት። አባቴ አንዲት ቅርንጫፍ ስጡኝ ብሎ ቢለምን፣ በእኛ አፈር የበቀለ የእኛ ነው አሉት። ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ የጠየቀኝ ስለእሷ ነው። ሌላ ቦታ የለችም። ያለችው ይቺው ናት።»

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እነዚህ ግን ሰባ ዓመት ደመቁበት፣ አሁን ደግሞ ለቡና መሸጫ ብለው ሊገነድሱት! ዞር ስል ሰዎቼ ከኋላችን ቆመው ሁሉን ሰምተዋል።

የግንቡ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ታክሬይ በዚያ ሲያልፍ ጠራሁት። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጫማው ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ሰኞ የምትጥሏት ከሆነ፣ ለወይዘሮዋ አንዲት ቅርንጫፍ ቢፈቅዱላቸው ምን ይጎድልብዎታል?» አልኩት።

«የግንቡ ንብረት ነው።»

«ልታቃጥሏት አይደል እንዴ?»

«ብናቃጥላትም የግንቡ ንብረት ናት። ስትወጡ ቦርሳ ይፈተሻል። አንድ ቅጠል ቢገኝ የእርስዎ አውቶብስ ሁለተኛ በዚህ በር አይገባም» ብሎኝ ወደ በሩ ሄደ።

ወይዘሮ ኢኒድ መቀስ አወጡ። «ይመልሱት!» ማለት ነበረብኝ። ዓይኔ ግን ጃንጥላዬ ላይ አረፈ።

«ቦርሳዎ ውስጥ ከከተቱት ሰውዬው ያገኘዋል» አልኳቸው። ጃንጥላዬን ዘቅዝቄ አፏን ፈልቀቅ አደረግሁላቸው። «እዚህ ውስጥ ያስገቡት።»

ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጠው አስገቡ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ በሩ መንገድ ጀመርን። ሰዎቼ ወዲያው አልተከተሉንም። ጽጌረዳዋን ይሰናበቱ ይሆናል ብዬ ተውኳቸው።

በሩ ላይ ታክሬይ የወይዘሮ ኢኒድን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። መነጽር፣ ሳንድዊች፣ መቀስ።

«ይሄስ?» አለ መቀሱን ከፍ አድርጎ።

«ለጥፍሬ ነው» አሉት። «ልቁረጥልህ?»

ይሄኔ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብ ነው ወይስ ባልዲ ነው የሚደፋብን? ውሃው ከፀጉሬ ተነሥቶ በአንገቴ ገብቶ ጫማዬ ደረሰ። እኔ ቀይ ጃንጥላዬን እንደተጠቀለለች ወደ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ወይዘሮ ግዌንዳ፣ ዝናብ እኮ ነው» አለኝ ታክሬይ ዓይኑን አጥብቦ። «ጃንጥላዎን አይዘረጉም?»

«ይሄ ዝናብ ይባላል? የት አገር ነው ያደግኸው?»

«ይዘርጉት እንጂ!» እጁን ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!» ጮህኩበት። «ሰዎቼ የሚከተሉኝ በዚህች ነው። ከዘረጋኋት ማን ይመራቸዋል? አንተ?»

ታክሬይ እጁን ሰበሰበ። የሚያየው እኔን አልነበረም። እኔም ዞርኩ።

ሰዎቼ በዛፎቹ መካከል እየመጡ ነው። ዶፉ ይወርድባቸዋል። ሁሉም ጃንጥላ ይዘዋል፤ የተዘረጋ ግን አንድ እንኳ የለም። ውሃው ከአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ ሹራባቸው ከገላቸው ተጣብቋል፣ ጃንጥላቸውን ግን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ከፊት ያሉት ጡረታ የወጡት ዳኛ ሚስተር ሂስኮክ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌባ ሲያስሩ የኖሩ ሰው። ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ጠመንጃ አንግተው ታክሬይ ፊት ደረሱ።

«ደስ የሚል ቀን ነው፣ አይደል?» ብለውት አለፉ።

ታክሬይ አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠራቸው። ገባው። ግን ምን ያድርግ? ሃያ ስምንት አዛውንት በዝናብ አሰልፎ ጃንጥላ ሊያስፈታ ነው? ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ይሄ አውቶብስ ሁለተኛ እዚህ ድርሽ አይልም!» አለ።

ወይዘሮ ኢኒድ ዕቃቸውን ረጋ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። መቀሱንም ከእጁ ወሰዱት።

«አንመጣም የኔ ልጅ» አሉት። «ከእንግዲህ እዚህ ምን ቀረን?»

ሾፌራችን ኔቪል እየተንጠባጠብን ስንገባ ሲያይ፣ «ምነው፣ ጃንጥላ የላችሁም?» ብሎ ጮኸ። አውቶብሱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ማይኩን አነሣሁ። «ወገኖቼ፣ ኦክስፎርድ እስክንደርስ ማንም እንዳይዘረጋ። እዚያ ጨርቅ ገዝተን፣ አርጥበን ቅርንጫፎቹን እንጠቀልላለን።»

ወይዘሮ ኢኒድ ከኋላ እጄን ነካ አደረጉኝ። «ስሟን ንገሪያቸው» አሉ።

«አዳ ትባላለች» አልኩ በማይኩ። «ስትተክሏት እንደዚያ ብላችሁ ጻፉባት። አዳ።»

ወዲያው አውቶብሱ ሙሉ ስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።