ግማሽ ሜዳ

ዶክተር ዘመድኩን ረግጦት ስለማያውቀው ሜዳ አርባ ገጽ ጽፎ መጣ። ሥራው «አጠቃላይ ድምዳሜ» ይባላል። ሦስት የጥናት ቡድኖች፣ አንዱ የአካባቢ፣ አንዱ የእርሻ፣ አንዱ የማኅበራዊ ኑሮ፣ ከኦቾሎ በላይ ወዳለችው መንደር ተራ በተራ ወጥተው፣ አይተው፣ ጠይቀው ሪፖርታቸውን ላኩለት። እሱ አዲስ አበባ ቢሮው ቁጭ ብሎ ሦስቱን አንድ አደረገ። ሦስትን አንድ ማድረግ የማን ሥራ እንደሆነ አስተርጓሚው ካሱ ያውቃል፤ ግን ስላልተጠየቀ ዝም አለ።

ካሱ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ ሲያመላልስ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሬዲዮ ለቃቅሟል። ያን ዕለት አርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ከመንደሯ በመጡት በአቶ ላቀውና በልክነሽ መካከል ተቀምጧል። አቶ ላቀው ሀላቃ ናቸው፤ አገሬው መርጦ የሾማቸው ሽማግሌ። ልክነሽ ሁለት ላም ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ «ሴት መኖር አለባት» ስለተባለ ተጠርታለች። ከመድረኩ ጠረጴዛ ላይ መንደሯ በድምዳሜው መስማማቷን የሚገልጽ ወረቀት ፊርማ ይጠብቃል።

ግድግዳው ላይ ከብት የማይታይበት፣ ሣር የሞላው የሜዳው ፎቶ በራ። ካሱ ሦስቱንም ጊዜ አብሯቸው ነበርና ፎቶው መቼ እንደተነሣ ገባው።

የአካባቢዎቹ የመጡት በጳጉሜን ነው። በዚያች መንደር ሜዳው ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ይዘጋል። አጥር የለውም፤ ሀላቃው «ተዘግቷል» ካሉ ተዘጋ ነው። ሣሩ ለመስቀል ይጠበቃል፤ ከብቱ እስከዚያ በየደጁ ታስሮ የእንሰት ቅጠል ይበላል። ቡድኑ ወገብ የሚደርስ ሣር አየ፤ አንዲት ጥጃ እንኳ አላየም። የቡድኑ መሪ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ብላ ጻፈች። ካሱ አፉን ሲከፍት ዞር አለች።

«ምን አሉ?»

«እነሱ ምንም አላሉም፤ እኔ ነኝ...»

«አቶ ካሱ፣ አስተርጓሚ ድልድይ ነው። ድልድይ አስተያየት አይሰጥም።»

ድልድዩ አፉን ዘጋ። ዝም አይነቅዝም።

የእርሻዎቹ የመጡት ሀላቃው መርቀው ሜዳውን በከፈቱ በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ወር ሣሩን በዓይኑ ሲበላ የከረመ የአገር ከብት ሁሉ አንድ ላይ ተለቋል። የሚረገጥበት ቦታ የለም። አንዱ ባለሙያ ከብቱን ሁለት ጊዜ ቆጠረና ሁለት ቁጥር አገኘ፤ አልተጨነቀም፣ መካከላቸውን ወስዶ አማከለው። «ከአቅም በላይ የተጋጠ» ብለው ወረዱ።

የማኅበራዊዎቹ ደግሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በተቀመጡበት ቀን ደረሱ። ዱቡሻ የአገሩ ሸንጎ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሜዳው ዳር ይገኛል። ከሜዳው ያመለጠ ኮርማ የሰው ገብስ በልቶ፣ ባለ ኮርማውና ባለ ገብሱ ይጯጯኻሉ። ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ታርቀው ተቃቀፉ፤ ቡድኑ ግን ለምሳ እንደወረደ አልተመለሰም። «የግጭት ምንጭ» ተብሎ ተጻፈ።

«እንግዲህ» አለ ዶክተር ዘመድኩን፣ ፎቶውን በእንጨት እየጠቆመ፣ «አንዱ ጥናት ሜዳው ባዶ ነው ይላል። ሌላው ሞልቶ ፈሷል ይላል። ሁለቱም ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው አናበላልጥም። ስለዚህ ሜዳው በአማካይ የሚያገለግለው በግማሽ አቅሙ ነው። የታችኛው ግማሽ ይታጠርና ችግኝ ይተከልበታል። የጋራው መሬት በግማሽ ሲቀንስ ግጭቱም በግማሽ ይቀንሳል።»

ፊት ወንበር ላይ ያሉ ሹማምንት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሳምቡሳ በኋላ ራስ መነቅነቅ አይከብድም።

ካሱ ሹክ እያለ ተረጎመ። የታችኛው ግማሽ ማለት የልክነሽ ደጅ ነው።

«እንዴት ግማሽ?» አለች ልክነሽ በጋሞኛ።

«አማከለው።»

«መጥቶ አይቶታል?»

«አላየውም።»

«ከአውሮፕላን እንኳ? በመስኮት?»

«እንጃ እህቴ።»

«ምን አለች?» አለ ዶክተሩ ከመድረኩ።

ካሱ እንደ ልማዱ «አመስግናለች» ሊል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው በተቆጣ ቁጥር «አመስግነዋል» ብሏል። እንግዳ አይቀየም ብሎ ነው፤ ክፋት አልነበረውም። በሦስቱም ሪፖርት ላይ «ኅብረተሰቡ ምስጋናውን ገልጿል» የሚል አለ፤ የካሱ እጅ ነው። አሁን ግን ልክነሽ ከወንበሯ ተነሥታ ቆማለች።

«ንገረው» አለች፤ «አንዲት ቃል ብትጥል ከጌታ ጋር ትነጋገራለህ።»

እሷ ተናገረች፤ እሱ ቃል በቃል ተከተላት።

«ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ ሰው ተርፎ ደጅ ይቆማል፤ ማክሰኞ ባዶ ነው። በዶክተሩ ሒሳብ ግማሽ ነው ማለት ነው። ይምጣና ግማሹን ጎተራ ያድርገው። አልጋዬም ቀን ቀን ባዶ ነው፤ ግማሹን ቆርጦ ይውሰድ። ሁለት ላም አሉኝ። ላሞቼ ካልጋጡ እበት የለም። እበት ከሌለ እንሰቴ አይቆምም። እንሰቴ ካልቆመ ምን ልበላ ነው? ችግኝ?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሹማምንቱም ሳቁ፣ ከዚያ በማን እንደሳቁ ሲገባቸው ተዉት።

የዶክተሩ ፊት ጠቆረ። «ይሄ የእሷ ነው የአንተ?»

«እስከ ‹ችግኝ› ድረስ የእሷ ነው» አለ ካሱ። «ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው።»

ተነሣ። ስለ ጳጉሜን፣ ስለ መስቀል፣ ስለ ኮርማው፣ ሦስቱንም ነገረ። ድምፁ ጸሎት እንደሚመራ ሰው ዝቅ ያለ ነበር። «ሦስቱም ቡድን ያየው እውነት ነው» ብሎ ጨረሰ። «ግን ሦስቱንም ቀን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም።»

«ለምን በጊዜው አልተናገርክም ታዲያ?» አለ ዶክተሩ።

ጥያቄው የተወረወረው በንዴት ቢሆንም ቦታውን አልሳተም።

«ድልድይ ነህ ተባልኩ፤ እኔም ተመቸኝ» አለ ካሱ። «ጥፋቴ ነው።» ወደ አቶ ላቀው ዞሮ ያንኑ በጋሞኛ ደገመው።

«አይተንሃል» አሉ ሽማግሌው። «ሦስቴ አብረሃቸው መጣህ፣ ሦስቴ ዝም ብለህ ወረድህ። ልጆቼ ‹ካሱ ምላሱን ከተማ ረስቶት ይሆን?› ሲሉ ነበር። ይኸው ተገኘች፤ ተመስገን።»

አንደኛው ሹም ወረቀቱን ወደ አቶ ላቀው አስጠጋ፤ ብዕርም ጨመረበት። «እንግዲህ አባባ፣ ሐሳባችሁ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ለሥርዓቱ ያህል እዚህች ጋ...»

አቶ ላቀው ብዕሩን አዩት፤ አልነኩትም።

«አዳራሽ ውስጥ የተባለ ነገር ዱቡሻ ካልወጣ እኛ ዘንድ ቃል አይሆንም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ አጥር እንኳ የለንም። ዶክተሩ ሜዳው ሲዘጋ ይምጣ፣ ሲከፈትም ይምጣ፤ መሬት ላይ አብሮን ይቀመጥ። ከዚያ እንፈርማለን ወይም አንፈርምም።»

ካሱ አንዲት ቃል ሳይጥል ተረጎመ።

«እስከ መስቀል እኮ አራት ወር ነው!» አለ ዶክተሩ። «ሪፖርቱ የሚገባው አርብ ነው!»

«አስገባው» አሉ አቶ ላቀው። «አልፈረሙም ብለህ።»

ዶክተር ዘመድኩን ላፕቶፑን ከፍቶ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ኅብረተሰቡ ድምዳሜውን በበጎ ተቀብሎ፣ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግ ያለውን ፍላጎት...»

«እንደዚያ አላሉም» አለ ካሱ።

«ሐሳቡ ያው ነው፤ አጠቃለልኩት።»

«ያው አይደለም፣ ዶክተር። ‹አልተስማማንም፤ መጥተህ እይ› ነው ያሉት። እንደዚያው ይጻፉት።»

ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ሹማምንቱ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ምሳ ወጡ። ልክነሽም አልጠበቀችም፤ ላሞቿን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የመጣችውና ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ መናኸሪያ በባጃጅ ወረደች። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ፤ አውሮፕላኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አንዴ ጻፈ፣ አንዴ አጠፋ። ካሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ መጠበቅ ይችልበታል። «አልተስማሙም» የምትለዋ ቃል ከነነጥቧ እስክትጻፍ ከወንበሩ አልተነሣም።