ለጀልበኛው አንድ ጥያቄ

ቺዙሩ የሟች እናቷን ቤት ለማስረከብ ቁም ሣጥኑን ስታራግፍ ሦስት ደብተሮች ወደቁ። ሽፋናቸው ላይ «የጨው ዘውድ፦ ቀሪው ዓለም» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የልጅነት ጓደኛዋ የኪኑኤ ነው።

በአሥራ አራት ዓመታቸው ሁለቱ ጓደኛሞች «የጨው ዘውድ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር ጨርሰውት ነበር። ጠንቋዩ ሞተ፣ ንግሥቲቱ ነጻ ወጣች፣ ወደቡ ላይ ቆሞ «ወዴት?» የሚለው ጀልበኛም ስንቴ አሻገራቸው፣ እነሱ ግን አልጠገቡም። ካርታው ከሚያልቅበት ወዲያ ያለውን ዓለም ራሳቸው ፈጠሩት፤ ጡረታ የወጡ ጀግኖች ሩዝ የሚያመርቱበት መንደር፣ ሰይፍ የማይበሳው ሲሰድቡት ግን የሚያለቅስ ዘንዶ። ደብተሩ አንድ ሳምንት እዚህ ቤት፣ አንድ ሳምንት እዚያ ቤት ያድር ነበር። ኋላ ቺዙሩ ለትምህርት ኦሳካ ሄደች፣ ፉኩያማ ከተማ አግብታ ቀረች። ጠብ አልነበራቸውም። በየዓመቱ የሚላላኩት የአዲስ ዓመት ካርድ አንድ ዓመት ዘገየ፣ በሚቀጥለው ቀረ።

ደብተሮቹ በተገኙበት ሰሞን የሠራው ኩባንያ ጨዋታውን ሊያድሰው እንደሆነና ከድሮ ተጫዋቾች የማስፋፊያ ሐሳብ እንደሚቀበል ቺዙሩ ሰማች። ደብተሮቹን ይዛ ከኦኖሚቺ በጀልባ ኪኑኤ ወደምትኖርበት ሙካይሺማ ደሴት ተሻገረች።

በሩን የከፈተችው ኪኑኤ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«አርጅተሻል።»

«አንቺ ቤት መስታወት የለም እንዴ?»

ኪኑኤ ሳቋ አመለጣት። «ግቢ፣ ብርዱን አታስገቢብኝ።»

ብርቱካን እየላጡ የኩባንያውን ቅጽ በስልክ ከፈቱት። ለጋራ ሥራ አንድ ሐሳብ ብቻ፣ ከሁለት መቶ ፊደል ሳይበልጥ።

«ሁለት መቶ? የዘንዶው ስድብ ብቻ ሦስት ገጽ ነው!» አለች ኪኑኤ።

«ዘንዶውን ተይው። መንደሩን እንላክ።»

«አንቺ ድሮም ጀግና ሁሉ ጡረታ እንዲወጣልሽ ነው የምትፈልጊው።»

«አንቺ ደግሞ ድሮም ስድብ ሲሆን አይደክምሽም!»

ሲነታረኩ አንድ ሰዓት አለፈ። ሦስተኛው ደብተር ከግማሹ በኋላ ባዶ ነበር፤ ቺዙሩ ግን ቅጠሉን ዝም ብላ ስትገልጥ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየች። የሁለቱም ጽሑፍ አይደለም።

«ጀልበኛው ‹ወዴት?› ብቻ ይላል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። አንድ ሰው ‹ምሳ በላህ?› ቢለው ጥሩ ነው።»

ኪኑኤ ደብተሩን ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«አባዬ ነው» አለች።

አባቷ ሠላሳ ዓመት ቺዙሩ በተሻገረችበት በዚሁ ጀልባ ላይ ሒሳብ ሲሰበስብ ኖሮ ከአራት ዓመት በፊት ነው የሞተው። እነሱ ሲጫወቱ ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ይከድን ነበር።

«እኔ እኮ የሚተኛ ነበር የሚመስለኝ» አለች ቺዙሩ።

«እኔም።» ኪኑኤ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «በቀን አሥር ጊዜ በጀልባው ስመላለስ አንድ ቀን ምሳ በላህ ብዬው አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። የአባትየውን ቃል አንድም ሳይለውጡ ላኩት። ኩባንያው ለሁሉም የሚልከውን የምስጋና መልስ ላከላቸው፣ ሌላ ነገር አልተሰማም።

ጨዋታው በሚቀጥለው ክረምት ወጣ። ቺዙሩ በእሑድ ጠዋት ተሻግራ መጣችና ጎን ለጎን ተቀምጠው በጨዋታው ውስጥ ቀጥታ ወደ ወደቡ ሄዱ። ጀልበኛው አዲስ ፊትና አዲስ ባርኔጣ አለው። «ምሳ በላህ?» የሚል ምርጫ ይመጣ እንደሆነ ኪኑኤ ቁልፉን ተጫነች።

«ወዴት?» አለ።

ደግማ ተጫነች። «ወዴት?»

ቺዙሩ ተናደደች። «እነዚህ ሰዎች አንድ መስመር መጨመር አቃታቸው?»

ኪኑኤ ግን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ነበር። «ተያቸው ባክሽ። አባዬም ምሳ በላህ ቢባል ይኼንኑ ነበር የሚለው!»

ያን ቀን እስከ እራት ድረስ ተጫወቱ። ሁለት ጊዜ ሞቱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኪኑኤ ጥፋቱ የቺዙሩ ነው አለች።